ሦስት ቤት፣ ሦስት ዘይት፦ ለረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ዘይት ስንመርጥ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሞተር ሳይክል ወዳጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ በመሰብሰባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ሞተራችሁ ውስጥ ስንት ቦታ ዘይት እንዳለ፣ በእያንዳንዱም ቦታ አሁን ምን ዘይት እንዳለ በእርግጠኝነት የምታውቁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ አውርዱ፤ አመሰግናለሁ። እጃችሁን ያላወጣችሁ አይክፋችሁ፤ የዛሬው ንግግር በተለይ ለእናንተ ነው። ሁላችሁም ግን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ዘይት ለመግዛት መደርደሪያ ፊት ስትቆሙ ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት፣ የጠርሙሱን ቀለም ከማየታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ይህ ዘይት ምን ይነካል? ዛሬ ደጋግሜ የምመለስበት እሱ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች አንድ ዘይት ሁሉን ያገለግላቸዋል፤ ሞተሩንም፣ ፍሪሲዮኑንም፣ ካምቢዮውንም። የሆንዳ ጎልድ ዊንግ እንዲህ ነው፤ ከዚህ ውጭ የራሱ ዘይት ያለው የኋላውን ጎማ የሚያዞረው የማርሽ ቤት ብቻ ነው። የሃርሊ ዴቪድሰን ትልልቅ የጉዞ ሞተሮች ግን ሦስት የተለያዩ የዘይት ቤቶች አሏቸው፦ ሞተሩ፣ የፕራይመሪው ቤት (ኃይልን ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚወስደው ሰንሰለት ያለበት)፣ ካምቢዮው። በአየር የሚቀዘቅዘው የሃርሊ ስፖርትስተር ደግሞ መካከል ላይ ነው፤ ፕራይመሪውና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይጋራሉ። ዛሬ የምናገረው በዋናነት ስለ ባለ ሦስት ቤቱ ነው። ሦስቱን በየተራ እንገባባቸዋለን። ከዚያ በፊት ግን ጠርሙሱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እናጥራ።

20 ደብሊው 50 ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚነገሩት። ደብሊው ያለበት ቁጥር ዘይቱ በብርድ ሞተር ሲነሳ እንዴት እንደሚሆን ይናገራል፤ 20 ደብሊው ይህን ፈተና የሚያልፈው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው፣ 10 ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 25 ላይ። ሁለተኛው ቁጥር በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን ውፍረት ይናገራል። 40 የሚባለው ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ነው፤ 50 የሚባለው ከ16.3 እስከ 21.9።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የካምቢዮ ዘይት ጠርሙስ ላይ 75 ደብሊው 90 ተጽፎ ስታዩ «90 ከ50 በእጥፍ የወፈረ ነው» ትላላችሁ፤ አይደለም ወይ? ስህተት ነው። የማርሽ ዘይት የሚለካው በሌላ ሚዛን ነው። በዚያ ሚዛን 90 ማለት በ100 ዲግሪ ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ ነው። ይህን ልድገመው፦ 75 ደብሊው 90 የማርሽ ዘይት ሲሞቅ ከ20 ደብሊው 50 የሞተር ዘይት አይወፍርም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይቀጥናል። ልዩነታቸው ውስጣቸው ባለው ኬሚካል ነው። ስለዚህ ቁጥር ብቻ አይታችሁ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው አትገልብጡ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ቤት፣ ወደ ሞተሩ። እዚህ ዘይቱ ምን ይነካል? ፒስቶኑን፣ ሲሊንደሩን፣ የክራንክ ሻፍቱን ኩሽኔታ፣ ካሙን፣ ታፔቱን፣ የቫልቩን እግር ይነካል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሙቀትን ይነካል። በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ዘይት ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣም ነው። ሜዳ መንገድ ላይ በተረጋጋ ፍጥነት ስትሄዱ ዘይቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ሊውል ይችላል። መንገድ ተዘግቶ፣ ሁለት ሰውና ሙሉ ሻንጣ ጭናችሁ፣ ንፋስ በሌለበት ስትቆሙ ግን ከ120 በላይ ይወጣል። የነዳጅና የቅባት ሰዎች ለግምት የሚጠቀሙበት ሕግ አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዘይቱ በኦክስጅን የሚበላበት ፍጥነት በእጥፍ ያህል ያድጋል። እንግዲህ አስቡት፤ 20 ዲግሪ ስትጨምሩ አራት እጥፍ ነው።

ስለዚህ «ሲንተቲክ፣ ማለትም በፋብሪካ የተቀናበረ ዘይት፣ ያስፈልጋል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ግልጽ ነው። በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር፣ በሙቀት፣ ከጭነት ጋር ለሚጓዝ ሰው፣ አዎ፣ ሲንተቲክ 20 ደብሊው 50 እመክራለሁ። ማዕድናዊው ዘይት መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ በጊዜው ከተቀየረ ሞተሩን በሚገባ ያገለግላል። ሲንተቲኩ ግን ያ ክፉ ሰዓት ሲመጣ ይታገሳል፤ ቫርኒሽና ጥላሸት ቶሎ አያወጣም፣ ቶሎም አይተንም። ውፍረቱን የመረጥኩት የአምራቹን ሰንጠረዥ ይዤ ነው። ሃርሊ ለራሱ ዘይት ያወጣው ሰንጠረዥ 20 ደብሊው 50ን ከ4 ዲግሪ በላይ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በታች ለሚወርድ ብርድ 10 ደብሊው 40 ይላል። ነጠላ ቁጥር ያለው ኤስኤኢ 50 (ኤስኤኢ የውፍረት ደረጃው ስም ነው) ከ16 ዲግሪ በላይ፣ ኤስኤኢ 60 ደግሞ ከ27 በላይ ነው። 60ውን ብዙ ሰው «ለሙቀት» ብሎ ይወደዋል። እኔ አልመርጠውም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል፤ በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ታፔቶቹ ሲያንኳኩ ትሰማላችሁ።

የመኪና ዘይትስ? 5 ደብሊው 30 የቤንዚን መኪና ዘይት እዚህ ቤት አይግባ። አንደኛ ለዚህ ሙቀት ይቀጥናል። ሁለተኛ በቅርብ ጊዜ የወጡት የመኪና ዘይቶች የጭስ ማጣሪያውን ለመጠበቅ ሲባል ፎስፎረሳቸው ተቀንሷል፤ ፎስፎረሱ የሚመጣው ደግሞ ብረት ከብረት ሲገናኝ ከሚጠብቀው የዚንክ ውህድ ነው። መንገድ ላይ ዘይት ጎድሎባችሁ ትክክለኛው ከጠፋ ግን የሞተር ሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍ ራሱ መውጫ ሰጥቷችኋል፦ ሲኤች 4 ወይም ሲአይ 4 ደረጃ ያለው የናፍጣ ሞተር ዘይት፣ ለምሳሌ 15 ደብሊው 40። ጨምሩበት፣ ቤት ድረሱ፣ ከዚያ ቶሎ ቀይሩት።

ብዙ ሰው ያለ አግባብ ገንዘቡን የሚያባክነው ደግሞ ሊቬሎ፣ ማለትም የዘይቱን ከፍታ፣ ሲለካ ነው። አንድ ሞተር ሦስት ሳምንት ቆሟል እንበል። ባለቤቱ ቀዝቃዛ እንዳለ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ይመዝዛል፤ ጎድሏል። ግማሽ ሊትር ይጨምራል። ዘይቱ ግን የትም አልሄደም፤ ቀስ በቀስ በፓምፑ በኩል አልፎ ወደ ክራንክ ቤቱ ወርዶ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑ ያንን ዘይት ይመልሰዋል፤ አሁን በግማሽ ሊትር ሞልቶ ፈስሷል ማለት ነው። ትርፉ በመተንፈሻው ወጥቶ የአየር ፊልትሮውን ያርሰዋል፤ ከዚያ በሞተሩ ቀኝ ጎን ይንጠባጠባል። ባለቤቱም «ሞተሬ ዘይት ያፈስሳል» ብሎ ጋስኬት ለማስቀየር ይሄዳል። አደራችሁን፣ የመጨረሻው ልክ በሙቅ ነው፤ ነድታችሁ አሙቁት፣ መሬቱ ሜዳ ይሁን፣ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ፣ አጥፉት፣ ከዚያ ለኩ። ሞተሩ በጎን መቆሚያው ይቁም ወይስ ቀጥ ይበል የሚለውን የየሞዴሉ መጽሐፍ ይነግራችኋል፤ እሱን ካልጠበቃችሁ ልኩ ዋጋ የለውም። በቅየራ ጊዜ ከፊልትሮ ጋር የሚገባው እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ በብዙዎቹ 3.8 ሊትር አካባቢ ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ 3.3 ገደማ አስገብቼ፣ አሙቄ፣ ለክቼ ቀሪውን ጥቂት በጥቂት እንድትሞሉ ነው የምመክረው።

ሁለተኛው ቤት ፕራይመሪው ነው። ወዳጆቼ፣ እዚህ ትንሽ እንቆይ፤ በጣም የተረሳው ቤት ይኸ ነው። ዘይቱ እዚህ ምን ይነካል? ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚወስደውን ሰንሰለት። የሰንሰለቱን መወጠሪያ ፕላስቲክ። የሞተሩን ምት የሚያለዝበውን ባለ ሞላ ጥርስ፣ ኮምፔንሴተር የሚሉትን። የዲናሞውን ጥቅል ሽቦ። እና ፍሪሲዮኑን ራሱን። ልብ በሉ፦ ሰንሰለቱ እንዲንሸራተት ትፈልጋላችሁ፤ ፍሪሲዮኑ ደግሞ እንዳይንሸራተት ትፈልጋላችሁ። ሁለቱም በአንድ ሊትር ዘይት ውስጥ ናቸው!

ለዚህ ነው የጃሶ ማህተም እዚህ ቤት የሚያስፈልገው። ጃሶ የጃፓን የተሽከርካሪ ደረጃ አውጪ ነው፤ ከ1998 ጀምሮ የሞተር ሳይክል ዘይቶችን በፍሪሲዮን አያያዛቸው ይለያቸዋል። ኤም ኤ የተባለው ለእርጥብ፣ ማለትም በዘይት ውስጥ ለሚሠራ፣ ፍሪሲዮን ነው፤ ከእሱም ውስጥ ኤም ኤ 2 ይበልጥ የሚይዘው ነው። ኤም ቢ ግን የመንሸራተት ቅመም ያለበት ነው፤ ለእርጥብ ፍሪሲዮን አይሆንም። ጠርሙሱ ላይ «ነዳጅ ይቆጥባል» የሚል ማህተም ያለበት የመኪና ዘይትም እንደዚያው ነው። ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው፦ በባለ ሦስት ቤት ሞተር ላይ የሞተሩ ዘይት ፍሪሲዮኑን ጨርሶ አያገኘውም። ስለዚህ «የሞተር ዘይትህ ኤም ኤ ካልሆነ ፍሪሲዮንህ ይንሸራተታል» የሚለው ምክር ለሌሎች ሞተሮች ትክክል ነው፣ ለዚህኛው ግን አይሠራም። ኤም ኤውን የሚጠይቀው ፕራይመሪው ነው። ዘይቱ ምን ይነካል? መልሱ ሁሌ እዚያው ነው።

ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? በከፍተኛ ማርሽ ላይ ሆናችሁ፣ ዳገት ላይ፣ በድንገት ጋዝ ስጡ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ተንሸራቷል። ተቃራኒው ችግር ደግሞ ፍሪሲዮኑ አልላቀቅ ማለቱ ነው፤ ሞተሩ ሞቆ መብራት ላይ ስትቆሙ ዜሮ ማርሽ አልገኝ ይላል፣ አንደኛ ስታስገቡ ኃይለኛ ምት ይሰማል። እዚህ ላይ ዘይቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ኬብል ያለው ከሆነ የኬብሉን ልቅነት አስተካክሉ። ከዚያ መጠኑን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ፕራይመሪው ከልክ በላይ መሞላቱ ነው። ፍሪሲዮኑ በዘይት ውስጥ ሰምጦ ሲዞር ዘይቱ ራሱ ይጎትተዋል።

መጠኑስ? እንደ ዓመቱና እንደ ሞዴሉ ከ0.95 እስከ 1.3 ሊትር ገደማ ነው፤ ትክክለኛው መጽሐፋችሁ ላይ አለ። እኔ ግን ከሚሊ ሊትሩ ይልቅ ዓይናችሁን አምናለሁ። ሞተሩን ከጎን መቆሚያው አንሡና ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ክብ የሆነውን የፍሪሲዮን ክዳን ክፈቱ፤ ዘይቱ የፍሪሲዮኑን ሞላ የታችኛውን ጫፍ መንካት አለበት። ይህ ነው ልኩ። በጎን መቆሚያው አዘንብሎ ሳለ ከለካችሁ ተሳሳታችሁ። ክዳኑን ስትመልሱ ጋስኬቱ ንጹሕ ይሁን፤ ቡሎኖቹን በዲያጎናል፣ ከ9.5 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ብቻ። እጃችሁ የጠነከረ ሰዎች፣ አደራ! የሚበጠሰው ቡሎን ሳይሆን የሚነቀለው የአሉሚኒየሙ ጥርስ ነው።

አንዳንዶች ፕራይመሪ ውስጥ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ያስገባሉ። ፍሪሲዮኑ በቀላሉ ይላቀቃል፣ ያንን አልክድም። ግን ቀጭን ነው፤ ለሰንሰለቱና ለኮምፔንሴተሩ የሚቀረው ፊልም ያንሳል። ከባድ የጉዞ ሞተር ላይ እኔ አላደርገውም። የዲፈረንሻል ዘይት፣ ጂኤል 5 የሚባለው፣ ፕራይመሪ ውስጥ ጨርሶ አይግባ፤ ለማርሽ ጥርስ የተዘጋጀው ቅመም ለፍሪሲዮን ሽፋን አይስማማም።

ሦስተኛው ቤት ካምቢዮው ነው፤ እዚህ ፈጠን እላለሁ፤ ነገሩ ቀላል ነው። ዘይቱ ምን ይነካል? የማርሽ ጥርሶችንና ኩሽኔታዎችን። ፍሪሲዮን የለም። ስለሌለም ነጻ ናችሁ፤ ጠንካራ የግፊት ቅመም ያለው የማርሽ ዘይት እዚህ ቤት ነው ቦታው። ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ግፊቱ በመስመር የቀጠነ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ተራ ዘይት ይጨመቅና ይሸሻል፣ ቅመሙ ግን ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጥሩ ሲንተቲክ 75 ደብሊው 90 ወይም 75 ደብሊው 140 ያስገባ ሰው ልዩነቱን በጆሮውም በእግሩም ያውቀዋል፤ ማርሽ ለስለስ ብሎ ይገባል፣ ጩኸቱ ይቀንሳል። መጠኑ በባለ ስድስት ማርሹ ወደ 0.95 ሊትር፣ በአዳዲሶቹ ወደ 0.83 ሊትር ነው። የመለኪያ ዘንጉን ስትጠቀሙ ክዳኑን ሳያጠብቁ ጥርሱ ላይ አስቀምጦ መለካት ነው ወይስ አጥብቆ፣ መጽሐፉን እዩ፤ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

«ሦስቱንም በአንድ ዘይት መሙላት አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሣል። ይቻላል። ሃርሊ ራሱ ለሦስቱም ቤት የፈቀደው ሲንተቲክ 20 ደብሊው 50 አለው። ሩቅ አገር ለሚሄድ ሰው ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ሻንጣ ውስጥ ይዞ ሦስቱንም ቤት ያገለግላል። ቤቱ ተቀምጦ ለሚያስበው ሰው ግን ለየቤቱ የተዘጋጀውን እመርጣለሁ፦ ለሞተሩ ሲንተቲክ 20 ደብሊው 50፣ ለፕራይመሪው ለፕራይመሪ የተሠራውን ወይም ኤም ኤ 2 ያለውን፣ ለካምቢዮው የማርሽ ዘይት።

አሁን ስለ ቅየራው ራሱ፤ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። በጉዞ ሞተሮቹ ላይ የሞተሩ የዘይት ድስት ከካምቢዮው ሥር ነው ያለው፤ ስለዚህ የሁለቱ ማፍሰሻ ቡሎኖች ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ሰው ካምቢዮውን አፍስሶ የሞተሩን ያፈሰሰ ይመስለዋል፤ ከዚያ ሞተሩ ላይ አራት ሊትር ይደፋበታል። ውጤቱ ምንድን ነው? ሞተሩ በእጥፍ ተሞልቶ፣ ካምቢዮው ደግሞ ባዶውን ይሄዳል! እንዴት ትለያላችሁ? በአፍንጫችሁ፦ የማርሽ ዘይት የድኝ ሽታ አለው። በመጠኑ፦ የወጣው አንድ ሊትር ብቻ ከሆነ ቁሙ፤ ሞተሩ ገና አልፈሰሰም። አንድ ቤት አፍስሳችሁ፣ ዘግታችሁ፣ ሞልታችሁ ሳትጨርሱ ሌላውን አትክፈቱ።

ቡሎኑን በእያንዳንዱ ጊዜ በአዲስ ኦሪንግ መልሱት፤ የሞተሩና የፕራይመሪው ማፍሰሻ ከ19 እስከ 28 ኒውተን ሜትር ነው። የፊልትሮውን ጎማ ዘይት ቀቡት፤ ከተገናኘ በኋላ በእጅ ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁ፤ ቁልፍ አያስፈልገውም።

ማፍሰሻዎቹ ላይ ማግኔት አለ። ከመጥረጋችሁ በፊት በጣታችሁ አሹት። ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ከሆነ ጤና ነው። የሚወጋ ስንጥር ወይም ቺፕስ ካለ ከካምቢዮው የመጣ ከሆነ ማርሽ፣ ከፕራይመሪው ከሆነ ሰንሰለት ወይም ኮምፔንሴተር ጠርጥሩ። ፕራይመሪው ላይ ፕላስቲክ ፍርፋሪ ካያችሁ የሰንሰለት መወጠሪያው ነው። ፕራይመሪው ካስገባችሁት በላይ ወጥቶ ካምቢዮው ጎድሎ ከተገኘ ደግሞ ዘይቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እያለፈ ነው፤ መሙላት መፍትሔ አይደለም፣ በመካከላቸው ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ መታየት አለበት።

ጊዜውስ? አዲስ ሞተር በመጀመሪያው 1,600 ኪሎ ሜትር ሦስቱም ይቀየራሉ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በየ8,000፣ ፕራይመሪው በየ16,000፣ ካምቢዮው በየ32,000 ኪሎ ሜትር። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ግን ኪሎ ሜትሩን አትጠብቁ፤ ዘይቱ ሳይሞቅ ይመለሳልና ውስጡ የተጠራቀመው ውኃ አይተንም፤ የመለኪያ ዘንጉ ላይ ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ለረጅም ጊዜ ልታቆሙት ከሆነም ቅየራው ከማቆማችሁ በፊት ይሁን፣ አሲድ የያዘ አሮጌ ዘይት ኩሽኔታ ላይ ከርሞ እንዳይቆይ።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል። የሞዴላችሁን ስምና ዓመት ብትነግሩኝ ስለ መጠኑ በዝርዝር እንነጋገራለን። ስላዳመጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ።